«መቼ ነው የምትጨርሺው?»

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ትራንዚስተር ነው። «ፓስተርን ከትራንዚስተር ምን አገናኘው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም ከሁለት ዓመት በፊት ቢሆን እንዲሁ እል ነበር። ታግሣችሁ አንብቡልኝ፤ ነገሩ ስለ ትራንዚስተር ቢሆንም ውስጡ የእኔ ጥፋት አለበት።

በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው «ትራንዚስተር» ሲባል መጀመሪያ የሚታወሰው ራዲዮ ነው። አባቴ የቆዳ ልብስ ያለው አንድ ትራንዚስተር ነበረው። ድንጋዩ ሲደክም እያወጣ ፀሐይ ላይ ያሰጣው ነበር። ማታ ማታ ብሥራተ ወንጌልን ይከፍትልናል፤ ድምፁ እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ ሲል ሁላችንም ጆሯችንን አስጠግተን እንሰማለን። በ1955 ዓ.ም. ሥርጭት የጀመረው ያ ጣቢያ በ1969 ዓ.ም. ሲወረስ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ እንደ ልማዱ ከፍቶ ሌላ ድምፅ ሲሰማ፣ ምንም ሳይናገር ዘግቶት ሳጥን ላይ ያስቀመጠው ትዝ ይለኛል። እኔ ስለ ትራንዚስተር የማውቀው ይህንኑ ነበር። ትራንዚስተር ማለት ራዲዮው ሳይሆን በውስጡ ያለችው፣ ደካማውን ምልክት የምታጎላው ትንሽ ዕቃ መሆኗን ያስረዳችኝ የእህቴ ልጅ ናት።

የእህቴ ልጅ እዚህ አዲስ አበባ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ተምራ ጨረሰችና ስዊድን፣ ጎተንበርግ ሄደች። (ስዊድን ለእኛ ለወንጌላውያን እንግዳ አገር አይደለችም፤ ኦኔሲሞስ ነሲብም የተማረባት አገር ናት።) ማስተርሷን እንደጨረሰች እዚያው ዶክትሬት ጀመረች። ርእሷ ለከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ የሚሠሩ ትራንዚስተሮችን በሒሳብ ሞዴል ማድረግ ነው። በቤተ ዘመድ መካከል ግን ነገሩን የሚገልጸው ስለጠፋ «ኮምፒውተር ታጠናለች» እንል ነበር።

እሑድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ እደውልላታለሁ። ሰላምታው ካለቀ በኋላ የምጠይቃት አንድ ጥያቄ ነበረችኝ፦ «መቼ ነው የምትጨርሺው?» በመጀመሪያውና በሁለተኛው ዓመት እየሳቀች «ጋሼ፣ ገና ነው እኮ» ትለኝ ነበር። በሦስተኛው ዓመት መልሱ እያጠረ መጣ። ከዚያ ስልኩን ማንሳት ተወች። «ላብ ነኝ፣ እደውላለሁ» ብላ ትጽፍልኛለች፤ አትደውልም። በዚያ ከተማ ያሉ አማርኛ ተናጋሪ ወገኖችን ስጠይቅ እሑድ ከጉባኤ መቅረት እንደጀመረች ነገሩኝ።

እኔም ፈረድኩ። አንድ ቀን እህቴ ቤት ቡና ተጠጥቶ ልወጣ ስል፣ ቆሜ ጫማዬን እያሰርኩ፣ «ልጅቷ ቀዝቅዛለች፤ አውሮፓ ወስዷታል» አልኳት። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም። እህቴ ያን ሌሊት ስታለቅስ አደረች፤ ሲነጋም ደውላ «ጋሼ እንዲህ አለ» ብላ ነገረቻት። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው። የፓስተር ቃል በቤተሰብ ውስጥ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ፓስተር የሆናችሁ ታውቃላችሁ።

ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ እነዚያው ወገኖች ለሦስት ቀን ጉባኤ ጋበዙኝ። ልጅቷ ባቡር ጣቢያ መጥታ ተቀበለችኝ። ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች፣ ሻንጣዬን ነጠቀችኝ፣ ቤቷ ወስዳ ሽሮ ሠራችልኝ። ክብሩ ሁሉ ሙሉ ነበር፤ ጨዋታው ግን የለም። ጉባኤው አልቆ ሰኞ ጠዋት ዝም ከምል ብዬ «እስኪ የምትሠሪውን አሳዪኝ» አልኳት። ትንሽ አመነታች፤ ከዚያ በትራም ይዛኝ ሄደች።

ላብራቶሪ ስትለኝ የጠበቅሁት የሚያጨስ ብልቃጥ ነበር። ያየሁት ግን አንድ ጸጥ ያለ ክፍል፣ አንድ ማይክሮስኮፕ፣ ወፍራም ገመድ የወጣባቸው ሁለት ሦስት ሣጥኖች ናቸው። በማይክሮስኮፑ ሥር ክብ፣ ስስ፣ መስታወት የመሰለ ነገር አለ። ዌፈር ይሉታል። ዓይኔን አስጠግቼ ሳይ ላዩ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ጥቃቅን የወርቅ ቅርጾች ተሰልፈዋል። «እያንዳንዱ ትራንዚስተር ነው» አለችኝ።

ሥራውን እንዲህ አስረዳችኝ። ትራንዚስተር እንደ ውኃ ቧንቧ ነው። ሶርስ በሚባለው በኩል ኤሌክትሮኖች ይገባሉ፣ ድሬይን በሚባለው ይወጣሉ፤ ጌት የሚባለው ደግሞ እንደ ቧንቧው መክፈቻ ነው። መክፈቻውን በትንሹ ስትነካው ብዙ ውኃ ይታዘዝልሃል፤ ደካማ ምልክት የሚጎላው በዚህ ነው። የእሷ ትራንዚስተሮች የተሠሩት ከጋሊየም ናይትራይድ ነው። ይህ ቁስ ለእኛም ሩቅ አይደለም፤ በየቤታችን የምንሰቅለው ነጭ ኤል.ኢ.ዲ. አምፖል ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ሰማያዊውን ኤል.ኢ.ዲ. የሠሩት ሦስት ሰዎች፣ አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። ከሲሊከን ጋር ሲነጻጸር ሳይበላሽ ወደ አሥር እጥፍ የሚደርስ የኤሌክትሪክ መስክ ይሸከማል። ስለዚህ ለሞባይል ማማዎች፣ ለራዳር፣ ለሳተላይት ይፈለጋል።

«ታዲያ ሞዴል ምንድን ነው?» አልኳት። አንድን ቺፕ ማሠራት ወራት ይፈጃል፣ ዋጋውም ከባድ ነው። ስለዚህ ንድፍ አውጪው አስቀድሞ በኮምፒውተር ይሞክረዋል። ኮምፒውተሩ ግን ትራንዚስተር ምን እንደሆነ አያውቅም፤ «ይህን ያህል ቮልቴጅ ሲሰጡት ይህን ያህል ከረንት ያሳልፋል» ብሎ የሚነግረው ቀመር ያስፈልገዋል። ያ ቀመር ነው ሞዴል የሚባለው። ከዚያው ከተማ፣ ከቻልመርስ ዩኒቨርሲቲ፣ ኢልቾ አንጌሎቭ የሚባል ሰው ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1992 ያሳተመው ሞዴል ዛሬም በስሙ ይጠራል፤ እሷም ሥራዋን የጀመረችው ከእሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የገረመኝን ነገር ልጨምር። የቤታችን መብራት ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። የአንዱ ሞገድ ርዝመት 6,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአዲስ አበባ እስከ ጎተንበርግ ማለት ነው። ስለዚህ የሽቦ ርዝመት ማንንም አያስጨንቅም። እሷ በምትለካበት በ30 ጊጋኸርዝ ግን ሞገዱ 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። እዚያ ዓለም ውስጥ ከጸጉር የቀጠነች መስመር እንኳ ምልክቱን ትለውጠዋለች። የምትለኪው ትራንዚስተሩን ይሁን ወደ ትራንዚስተሩ የሚወስደውን መንገድ በምን ታውቂያለሽ? ስለዚህ ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የምትለካው መልሳቸውን አስቀድማ የምታውቃቸውን ነገሮች ነው። ክፍቱን፣ የተገናኘውን፣ 50 ኦም የሆነውን ለክታ መሣሪያው ምን ያህል እንደሚሳሳት ትመዘግባለች። ከዚያ በኋላ ነው የማታውቀውን ለመለካት የምትደፍረው።

ይህን ሁሉ ስትነግረኝ እኔ በመገረም ወደ ማይክሮስኮፑ ዘንበል ስል ክርኔ ገመዱን ነካው። ዝም አለች። «ምን ሆነ?» አልኳት። «ምንም አይደል ጋሼ፣ ገመዱ ከተንቀሳቀሰ ሁሉም እንደገና መጀመር አለበት፤ ልማድ ነው» ብላ መርፌዎቹን አንስታ ከአንድ ጀመረች። አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀባት። እኔ እጆቼን እንደ ሕፃን ጭኔ መካከል አድርጌ ተቀመጥኩ። ለካ እዚህ ቤት ሳያዩ መንካት እንኳ ያስከፍላል።

ከዚያ በኮምፒውተሯ ላይ ሁለት መስመሮች አሳየችኝ። አንዱ ከፍ ያለ ነው፣ ሌላው ዝቅ ብሎ ይሄዳል። «ሁለት ትራንዚስተሮች ናቸው?» አልኳት።

«አንድ ናቸው፤ ቮልቴጁም አንድ ነው» አለችኝ።

«ታዲያ ልዩነቱ?»

«ከመለካቴ በፊት የት እንደቆየ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሊየም ናይትራይድን ብቻውን ማሳደግ አስቸጋሪ ስለሆነ በሌላ ክሪስታል፣ ብዙውን ጊዜ በሲሊከን ካርባይድ ላይ ያበቅሉታል። የሁለቱ አተሞች አራራቅ በትክክል ስለማይገጥም ውስጡ ጉድለቶች ይቀራሉ። በዚያ ላይ የታችኛው ንብርብር ኤሌክትሪክ እንዳያሾልክ ሆን ብለው ጥቂት ብረት ወይም ካርቦን ይጨምሩበታል። ከፍተኛ ቮልቴጅ ሲጫነው አንዳንድ ኤሌክትሮኖች በእነዚህ ቦታዎች ይያዛሉ። በእንግሊዝኛ የሚጠሩበትን ስም ስትነግረኝ «ወጥመድ ማለት ነው?» አልኳት፤ «ልክ ነህ፣ ወጥመድ» አለችኝ። የተያዙት ኤሌክትሮኖች ሌሎቹን እየገፉ መንገዱን ያጠባሉ። ከውጭ ሲታይ መክፈቻው ሙሉ በሙሉ ተከፍቷል፤ የሚፈሰው ግን ያነሰ ነው። ወጥመዱ የሚይዘው በቅጽበት ነው፤ የሚለቀው ግን ቀስ ብሎ ነው። መያዙ ከማይክሮሰከንድ ባነሰ ጊዜ ሊያልቅ ሲችል መልቀቁ ሚሊ ሰከንዶች፣ አንዳንዴም ሰከንዶች ይወስዳል፤ እነሱ ዘንድ ይህ እንደ ዘላለም ነው።

ይህን በተራ መለኪያ አታየውም። ቀስ ብለህ ከለካኸው ትራንዚስተሩ ራሱ ይሞቃል፣ የተያዘውም በመሐል ይለቀቃል፣ ሁሉም ይደባለቃል። ስለዚህ መሣሪያው ትራንዚስተሩን መጀመሪያ በአንድ ነጥብ ላይ ያሳርፈዋል፤ ከዚያ ከሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ላነሰ ጊዜ ወደሚፈለገው ነጥብ አዝልሎ ይለካውና ይመልሰዋል። ከፍ ያለው መስመር የተለካው ትራንዚስተሩ ምንም ሳይጫነው አርፎ ነው። ዝቅ ያለው ደግሞ ጌቱ ተዘግቶ 28 ቮልት ተሸክሞ ሲጠብቅ ቆይቶ ነው።

«ሙቀት ሲያገኝ ቶሎ ይለቃል» አለች። «ብርሃንም ሲበራበት እንዲሁ። ስንለካ የማይክሮስኮፑን መብራት የምናጠፋው ለዚህ ነው።»

«ብርሃን ሲበራበት ይለቃል?» አልኩ። ፊቴን አይታ ገባት። «ጋሼ በናትህ፣ ስብከት እንዳታደርገው!» ብላ ሳቀች። ከመጣሁ ወዲህ ስትስቅ የሰማሁት ያኔ ነው።

ከሳቁ በኋላ ነው የተናገረችው። ሁለት ዓመት የደከመችበት ሞዴል እያንዳንዱን መለኪያ አንድ በአንድ ይገጥም ነበር። ሁሉም ደስ ብሏቸው ነበር። የቡድኑ ሰዎች በእሱ ተማምነው አንድ ማጉያ ነደፉ፤ ቺፑ ወራት ቆይቶ ተሠርቶ መጣ። ሲለካ ሞዴሏ ከተናገረው ያነሰ ኃይል ሰጠ። መጀመሪያ መሣሪያውን ጠረጠረች፣ ቀጥላ ገመዱን፣ ቀጥላ ራሷን። ለካ ሞዴሉን የገነባችው አርፈው በቆዩ ትራንዚስተሮች መለኪያ ነበር፤ በማጉያው ውስጥ ያለው ትራንዚስተር ግን ቀኑን ሙሉ ሸክም ላይ ነው። ወጥመዱ በቀመሯ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። ከሥር መጀመር ነበረባት። በአጭር ምት የሚለካው መሣሪያ የብዙ ተማሪዎች የጋራ ስለሆነ ነፃ የሚሆነው ቅዳሜና እሑድ ነው።

«እሑድ እዚህ ነበርኩ» አለችኝ። «ጸሎቴን አልተውኩም። ሰው ፊት መቆም ነው ያቃተኝ። አንተም ትደውልና መቼ ነው የምትጨርሺው ትለኛለህ። ምን ልበልህ? ሦስት ዓመት ሆኖኝ እንደ አዲስ ጀመርኩ ልበልህ? ከዚያ እማዬ ደውላ ያልከውን ነገረችኝ።»

ያልኩትን አልደገመችውም። መድገም አላስፈለጋትም።

ወገኖቼ፣ በአገልግሎት ሃያ ስምንት ዓመት ሆኖኛል። በመንፈሳዊ ኮሌጅ ምክር ስለ መስጠት ተምሬያለሁ፤ የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን ዝም ብለው በተቀመጡ ጊዜ ደህና እንደነበሩና አፋቸውን ሲከፍቱ እንደተበላሸባቸው ለሌሎች አስተምሬያለሁ። እኔ ግን ሰባት ደቂቃ አልተቀመጥኩም። በየሳምንቱ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቅኋት፤ መልሱ ሲያንስ «ልጅቷ አነሰች» አልኩ። ከጥያቄው በፊት የት እንደቆየች፣ ምን ተሸክማ እንደምትጠብቅ አንድም ቀን አልጠየቅሁም። ጥያቄዬ ራሱ ከሸክሙ አንዱ እንደነበረማ ጭራሽ አላሰብኩም።

እዚያው ላብራቶሪ ውስጥ፣ በዚያ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ «ልጄ፣ ይቅር በዪኝ» አልኳት። የእኛ ባህል ትልቅ ሰው ትንሹን ይቅርታ ሲጠይቅ አያውቅበትም፤ እሷ ከእኔ በላይ ደነገጠች። «ኧረ ጋሼ፣ ተው» እያለች ተነሳች። እኔ ግን «እናትሽንም እዚያው ቤቷ ሄጄ እጠይቃታለሁ» አልኩ፤ ስመለስም አደረግሁት። እህቴ ቡናውን አስቀመጠችና ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «አንተ እኮ ፓስተር ስለሆንክ አመንኩህ» አለችኝ። ይህን ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አላወጣሁትም።

ስብከት እንዳላደርገው ስለለመነችኝ ምሳሌውን ብዙ አልጎትተውም። እሷም ሞዴል ከተለካበት ክልል ውጭ እንደማይታመን ነግራኛለች፤ ምሳሌም እንደዚያው ነው። ትራንዚስተር ወጥመዱ ሲለቀው ሁሉን ይረሳል፤ ሰው እንዲያ አይደለም። ደግሞም ሰው ይበድላል፣ ንስሐም ይገባል፤ ቀዝቃዛ ልብም በእውነት አለ። የመጣው ሁሉ የተጎዳ ብቻ ነው ማለቴ አይደለም። ባለፈው ወር ግን በሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ ከአገልግሎት ስለቀረ አንድ ወጣት ሲነሳ፣ «ያለፈውን ስድስት ወር የት ነበር? የሚያውቅ አለ?» ብዬ ጠየቅሁ። ሁሉም ተያዩ። የሚያውቅ አልነበረም። ሁለት ሰዎች ቤቱ እንዲሄዱ ተስማማንና ወደ ሌላው አጀንዳ አለፍን።

የእሷን መጨረሻ ልንገራችሁ። ስዊድኖች ከመከላከያው ቀን ቢያንስ ሦስት ሳምንት አስቀድመው የምርምር መጽሐፉን በምስማር ሰሌዳ ላይ ይመቱታል። መዶሻ ይዛ የቆመችበትን ፎቶ ላከችልን፤ እኔም እንደሚነገርለት ሉተር በዊተንበርግ በር ላይ ያደረገውን አስታውሼ ሳቅሁ። በመከላከያው ቀን እህቴ ቤት ተሰብስበን በኢንተርኔት ተከታተልን። ግማሹ ላይ መብራት ጠፋ፤ በስልክ ዳታ ቀጠልን። ያ ስልክ የተገናኘበት ማማ ላይ እንደ እሷ ያለ ትራንዚስተር ይኑር አይኑር አላውቅም፤ ብቻ አላሳፈረንም።

ስዊድን አገር ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚጋበዝ ተቃዋሚ የሚባል ሰው አለ። ሥራውን ገጽ በገጽ ይመረምራል። ሰውየው ወደ መጨረሻው ላይ፣ እኔ በገባኝ መጠን፣ ሞዴልሽ የማይሠራው የት ነው አላት። ጥፋቷን እንድትናዘዝ የተጠየቀች መስሎኝ ልቤ ቆመ። እሷ ግን ሳትጨነቅ አንድ ሥዕል ከፈተችና እስከዚህ ድረስ ለክቻለሁ፣ ከዚህ ወዲያ አትመኑት፤ በጣም ቀስ ብለው የሚለቁትን ወጥመዶች አልያዝኳቸውም ብላ መለሰች። ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። እህቴ አንድም ቃል ሳይገባት እንባዋን በነጠላዋ ትጠርግ ነበር።

ማታ ደወለች። እልል አልን፣ ጸለይን፣ ባረክናት። ለልማድ ምላሴ ላይ አንድ ጥያቄ መጣብኝ፤ «እንግዲህ ቀጥሎስ?» ልል ነበር። ዋጥኩትና «እንዴት ነሽ? እንቅልፍ አግኝተሻል?» አልኳት። ስለ ድካሟ ስታወራኝ፣ ስለ መጨረሻዎቹ ሌሊቶች ስትነግረኝ ግማሽ ሰዓት ሄደ። እህቴ ግን ከጎኔ ትዕግሥቷ አልቆ ስልኩን ከእጄ ተቀበለችኝና፣ ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ፣ «እና አሁን መቼ ነው የምታገቢው?» አለቻት።

ከወዲያ በኩል ሳቁ እኔ ድረስ ይሰማ ነበር።